ክፉ ዓመት ይፍረድ፦ የማኅበራዊ ድጋፍ ፕሮግራም መሳካቱን በምን እናውቃለን?



በአገራችን ሚሊዮኖች በማኅበራዊ ድጋፍ ይኖራሉ። በየበጀት ዓመቱ መጨረሻም ሪፖርት ይነበባል። ይህን ያህል ሰው ተጠቃሚ ሆነ፣ ይህን ያህል ብር ተከፈለ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል አባወራ ተመረቀ ይባላል፤ ይጨበጨባል። ከአዳራሹ ውጭ ደግሞ ሌላ ፍርድ ይሰማል፦ «ሕዝቡን እጅ ጠባቂ አደረጉት»፣ «ሃያ ዓመት ቢሰጠውም ድሃው ያው ድሃ ነው»። ሁለቱም ወገኖች በእርግጠኝነት ይናገራሉ። ሁለቱም ግን አንዱን ጥያቄ ዘለውታል። ድጋፉ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ቤተሰቦች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኙ ነበር?

ይህ ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የምንተወው አይደለም። የሚወጣው ገንዘብ የሕዝብ ነው፤ ድርቅ ወይም በሽታ ወይም ሥራ ማጣት ነገ የማንን በር እንደሚያንኳኳም አናውቅም። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የድጋፍ ፕሮግራም የሚመዘነው በደህና ዓመት ስንት ሰው ከመዝገብ ወጣ ተብሎ መሆን የለበትም። ክፉ ዓመት ሲመጣ ስንት ቤተሰብ ጥሪቱን ሳያሟጥጥ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሳያስቀር አለፈ ተብሎ መመዘን አለበት። ይህም ድጋፉን ካላገኘ መሰል ቤተሰብ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል በአገራችን ትልቁ ፕሮግራም፣ በምርታማ ሴፍቲኔት፣ እያስረዳሁ እሄዳለሁ።

ምን ቃል ተገባ?

በ1995 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የዕለት ደራሽ እርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነበር። የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልተደገመም፤ ነገር ግን ያ ዓመት አንድ እውነት ገሃድ አወጣ። ከተረጂዎቹ መካከል ሚሊዮኖቹ ዝናብ ቢጥልም ባይጥልም በየዓመቱ ለወራት የሚራቡ ነበሩ። ይህ እየታወቀ መንግሥት በየዓመቱ አዲስ የእርዳታ ጥሪ ያሰማል፤ ለጋሾች ይመክራሉ፤ እህሉ ይጫናል፤ ወረዳ ሲደርስ ገበሬው አንዱን በሬ ሸጧል። ነፍስ ይተርፋል፤ ጎጆ ግን ይፈርሳል። በሬ የሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ ከምርቱ ግማሹን ያጣል፤ ለከርሞ ድርቅ ባይኖርም እሱ ቤት ረሃብ አለ።

ሴፍቲኔት በጥር 1997 ዓ.ም. የተጀመረው ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። በመጀመሪያ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ያቀፈ ሲሆን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ7 ሚሊዮን አልፏል። አሠራሩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። መሥራት የሚችል ሰው ያለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን በአካባቢ ልማት ይሠራል፤ እርከን ይሠራል፣ ተፋሰስ ያለማል፣ መንገድ ይጠርጋል። ክፍያው በአብዛኛው ለ6 ወራት ነው። አቅመ ደካማ አረጋውያን፣ የአካል ጉዳተኞችና ሌሎች ጉልበት የሌላቸው ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ዓላማው ሦስት ነበር፦ የምግብ ክፍተቱን መሙላት፣ የቤተሰብን ጥሪት ከመሸጥ ማዳን፣ በሕዝብ ጉልበት የጋራ ሀብት መፍጠር። ቤተሰቡን ከድህነት የማውጣቱ ሥራ ለብድርና ለግብርና ፓኬጅ፣ ማለትም ጎን ለጎን ለሚሄድ ሌላ ፕሮግራም የተሰጠ ነበር። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሴፍቲኔትን «ሀብታም አላደረገም» ብሎ የሚከሰው ሰው ያልተገባ ቃል እየጠየቀ ነው። «ብዙ እርከን አስሠራ» ብሎ የሚያመሰግነውም ሦስተኛውን ዓላማ ይዞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረስቷል። እርከኑም ቢሆን በኪሎ ሜትር ሳይሆን ከሁለት ክረምት ጎርፍ በኋላ ቆሞ በመገኘቱ ሊመዘን ይገባል። የመጀመሪያው የምዘና ሕግ እንግዲህ ይህ ነው፦ ፕሮግራሙ ምን ቃል ገብቶ ነበር?

ቃሉ እጅ ላይ ደረሰ?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል ስለሚመስል ይታለፋል። በወረቀት ላይ ያለው ፕሮግራምና በተጠቃሚው እጅ የሚገባው ፕሮግራም አንድ ናቸው ወይ?

አንድ አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ እንውሰድ። በወር 25 የሥራ ቀን ይመዘገብለታል። የአንድ ቀን ዋጋ 3 ኪሎ እህል ነው፤ ስለዚህ በወር 75 ኪሎ ያገኛል። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ የ1997ቱ ተመን በቀን 6 ብር ነበር፤ በወር 150 ብር። ተመኑ ሲወጣ ሐሳቡ 6 ብር 3 ኪሎ እህል ይገዛል የሚል ነበር። አሁን ይህን ቤተሰብ ወደ 2000 ዓ.ም. እንውሰደው። የቀኑ ክፍያ ወደ 8 ብር አድጓል፤ የወሩ 200 ብር ሆኗል። በዚያው ዓመት ግን የእህል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ናረ። የበቆሎ ኩንታል 500 ብር በገባበት ገበያ 200 ብር የሚገዛው 40 ኪሎ ብቻ ነው። በመዝገብ ላይ ክፍያው በአንድ ሦስተኛ ጨምሯል፤ በማድጋው ውስጥ ግን በግማሽ ገደማ ጎድሏል።

መዘግየትም እንደዚሁ ነው። የየካቲት ክፍያ በግንቦት ቢመጣ በሒሳብ ሰነድ ላይ ያው 150 ብር ነው። እናቲቱ ግን በመጋቢት ልጆቿን ለማብላት ከጎረቤት ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድራለች። በግንቦት የደረሳት ብር ዕዳ ይከፍልላታል እንጂ ቀለብ አይሆናትም።

ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ፕሮግራሙን ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጋር በየሁለት ዓመቱ ሲያጠና ቆይቷል። ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና አለማየሁ ስዩም የመጀመሪያውን ጊዜ መርምረው ያወጡት ውጤት በአማካይ ለውጡ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። እዚያ ላይ የቆመ አንባቢ «ከሽፏል» ይል ነበር። እነሱ ግን አንድ እርምጃ ገፍተው ለተጠቃሚው የደረሰው ከታቀደው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አገኙ። ከታቀደለት ቢያንስ ግማሹን ያገኘው ቤተሰብ የምግብ ዋስትናው በግልጽ ተሻሽሎ ነበር። እንግዲህ መፍትሔው ፕሮግራሙን መዝጋት ነው ወይስ ሙሉውን በጊዜው ማድረስ? ሳይደርስ የቀረን ድጋፍ «አልሠራም» ብሎ መፍረድ በድሃው ላይ ሁለት ጊዜ መበደል ነው። መጀመሪያ ድርሻውን አጣ፤ ቀጥሎ ድርሻው ዋጋ የለውም ተባለ።

ባይኖርስ ኖሮ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ብዙ ጊዜ ፕሮግራምን የምንመዝነው በፊትና በኋላ ብለን ነው። በ1995 ሕዝቡ ተርቦ ነበር፤ ሴፍቲኔት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ረሃቡ ቀነሰ፤ ስለዚህ ተሳክቷል እንላለን። ግን ከ1996 በኋላ በብዙ አካባቢ ዝናቡም ተሻሽሎ ነበር፤ ምርቱም ጨምሮ ነበር። የዝናቡን ሥራ ለፕሮግራሙ እንዳንሰጥ ምን ይከለክለናል? በተቃራኒው ድርቅ ሲመለስ ተጠቃሚው ካምናው ተጎድቶ ይገኛል፤ «ድጋፉ ምንም አልፈየደም» እንላለን። ድጋፉ ባይኖር ግን ጉዳቱ እጥፍ ሊሆን ይችል ነበር። በፊትና በኋላን ብቻ ማስተያየት በደህና ዓመት ያለ ሥራ ያስመሰግናል፣ በክፉ ዓመት ያለ ጥፋት ያስወቅሳል።

ተጠቃሚውን ተጠቃሚ ካልሆነው ጎረቤቱ ጋር ማወዳደርም በራሱ አይበቃም። የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ኮሚቴው ተነጋግሮ የሚመርጠው ድሃ ድሃውን ነው። ስለዚህ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከጎረቤቱ ድሃ ሆኖ ቢገኝ ሊያስገርመን አይገባም። ሆስፒታል የተኛ ሰው ቤቱ ካለው ይልቅ ታማሚ ነው፤ ያሳመመው ግን ሆስፒታሉ አይደለም።

ትክክለኛው ንጽጽር ሲጀመር በኑሮ እኩል የነበሩትን ማስተያየት ነው። ጉዑሽ ብርሃነና ባልደረቦቹ ይህን ያደረጉት ለ5 ዓመት ድጋፍ ያገኙ ቤተሰቦችን አንድ ዓመት ብቻ ካገኙ መሰሎቻቸው ጋር በማነጻጸር ነው። ውጤቱ 5 ዓመት ያገኘው ቤተሰብ የሚራብበት ጊዜ በ1.29 ወር ማጠሩ ነበር። ይህ ወደ 40 ቀን ይጠጋል። ከብቱም በጥቂቱ ጨመረ፤ በበግና በፍየል ቢመነዘር አራት ራስ የማይሞላ ነው። የግብርና ፓኬጁንም ጨምሮ ባገኘው ቤተሰብ ዘንድ ውጤቱ ከዚህ ከፍ ያለ ነበር።

40 ቀን ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ፕሮግራሙን «ድህነትን ያጠፋል» ብሎ ለተቀበለ ሰው ትንሽ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ሳይደርስ፣ ልጆቿን በቀን አንድ ጊዜ ለምታበላ እናት ግን 40 ቀን ብዙ ነው። የሚዛኑ ንባብ የሚወሰነው በገባነው ቃል ነው፤ የገባነው ቃል ደግሞ የምግብ ክፍተቱን እንሞላለን የሚል ነበር።

ከሁሉ የጠራው የማነጻጸሪያ መንገድ ዕጣ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሮግሬሳ የተባለውን ፕሮግራም ስትጀምር ለጥናቱ 506 የገጠር መንደሮችን መርጣ በዕጣ ከፈለቻቸው። 320ዎቹ ቀድመው ገቡ፤ 186ቱ በኋላ ገቡ። በመካከሉ የታየው ልዩነት የፕሮግራሙ እንጂ የዝናብ ወይም የገበያ ሊባል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሪቱ ገዢ ፓርቲ ተለወጠ፤ አዲሱ መንግሥት ፕሮግራሙን አልሰረዘውም፤ ስሙን ለውጦ አስፋፋው። ይህ እንዲሆን የማስረጃው ጥንካሬ የራሱ ድርሻ ነበረው።

«በድሃ ላይ ዕጣ ይጣላል ወይ?» የሚል ተቃውሞ አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ በማይበቃበት ቦታ አንዱ መቅደሙ ሌላውም መከተሉ አይቀርም። በዘመድና በትውውቅ ከሚቀደም በዕጣ ቢቀደም ይሻላል። አዲስ አበባም ይህን አይታለች። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር በመዲናዋ የትኞቹ ወረዳዎች እንደሚቀድሙ በዕጣ ተለይቷል። ያንን ዕጣ ተከትለው ያጠኑ ተመራማሪዎች ከክፍያው ሌላ ጥቅም አገኙ። ድሆች በአካባቢ ጽዳትና ልማት ሥራ ሲሠማሩ ለግል ቀጣሪ የሚቀርበው ጉልበት ይቀንሳል፤ የቀን ሥራ ዋጋም ይጨምራል። ፕሮግራሙ በመላው ከተማ ሲዳረስ ጭማሪው 18.6 በመቶ እንደሚሆን አሰሉ። ይህና የሰፈሩ መሻሻል ሲደመሩ ድሃው ያገኘው ጥቅም ክፍያው ብቻ ሲቆጠር ከሚታየው ስድስት እጥፍ ሆነ። የተጠቃሚውን ዝርዝር ብቻ ይዘን ብንቆጥር ኖሮ ይህን ሁሉ አናየውም ነበር።

ምስጋናና ምርጫ

«ታዲያ ተጠቃሚውን ራሱን ለምን አንጠይቀውም?» ትሉኝ ይሆናል። እንጠይቀው፤ ግን ምን ብለን እንደምንጠይቀው እንወቅ።

በቦስተን አጠገብ ባሉት በካምብሪጅና በሰመርቪል ከተሞች እ.ኤ.አ. በ1939 አንድ የበጎ አድራጎት ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ከ500 በላይ ወንዶች ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሳንቲም ውርወራ ተለዩ። ከየጥንዱ ለአንዱ ለዓመታት ቤቱ እየመጣ የሚመክረው ሰው፣ የትምህርት ድጋፍ፣ ሕክምና፣ የክረምት ካምፕ ተሰጠው። ከ30 ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የተባለች ተመራማሪ ሰዎቹን ፈልጋ አገኘቻቸው። ከተረዱት ሁለት ሦስተኛው ያህል ፕሮግራሙ እንደጠቀማቸው በምስጋና ነገሯት። መዝገቡ ግን ሌላ ተናገረ። የተረዱት ካልተረዱት ጥንዶቻቸው ይልቅ በተደጋጋሚ ወንጀል፣ በመጠጥ ሱስና ዕድሜ ሳይጠግቡ በመሞት ብሰው ተገኙ። የሰጪዎቹም የተቀባዮቹም ልብ ንጹሕ ነበር፤ ውጤቱ ግን ጉዳት ሆነ።

በእኛ አገር የምስጋና ነገር ከዚህም ይከብዳል። የሰው እጅ የበላ ሰው «ጎደለብኝ» አይልም፤ ነውር ነው። የድርጅት ዓርማ ያለበት መኪና ይዞ የመጣ እንግዳ «ድጋፉ እንዴት ነው?» ቢለው «ተመስገን፣ እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠን ነበር» ይላል። ይህ ጨዋነት ነው፤ ነገም ከዝርዝሩ እንዳይሰረዝ መጠንቀቅ አለበት። በዚህ መልስ ላይ የቆመ የግምገማ ሪፖርት በአሸዋ ላይ የቆመ ነው።

ምርጫ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. ዋጋ ሲንር ተጠቃሚዎች ከብር ይልቅ እህል ይሻለናል ማለት ጀመሩ፤ ቀድሞ ጥሬ ገንዘብ ይወዱ የነበሩት ሳይቀሩ። ይህ ቃል ከየትኛውም የፋይናንስ ሰነድ ይልቅ ስለ ክፍያው መመናመን ቀድሞ ተናግሯል። ስለዚህ ተጠቃሚን ስንጠይቅ «ረክተሃል ወይ?» ከማለት «ከዚህና ከዚያ የትኛውን ትመርጣለህ? ባለፈው ክረምት ምን ሸጣችሁ? ለስንት ቀን ተበደራችሁ?» ብንል እውነቱ ይቀርበናል።

ምርቃት

አሁን ብዙ ወረዳዎች ወደሚፎካከሩበት ቁጥር ልምጣ። ተጠቃሚው ጥሪቱ የተወሰነ መጠን ሲደርስ «ተመረቀ» ተብሎ ከሴፍቲኔት ይወጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድጋፍን ለዘላለም የሚመኝ የለም። ችግሩ ምርቃት የስኬት ዋና መለኪያ ሲሆን ይጀምራል። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስተማረው፣ አንድ ቁጥር ሹመትና በጀት የሚወሰንበት ሲሆን ቁጥሩ ራሱ መበላሸት ይጀምራል።

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ቁጥር ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 1.3 ሚሊዮን እንዲወርድ ታቅዶ ነበር። ዕቅዱ ወደ ወረዳ ወረደ፤ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ወረደ። ቀበሌ ሲደርስ «ዘንድሮ ይህን ያህል አባወራ ይመረቅ» የሚል ኮታ ሆነ። ኮታ ደግሞ ማን ዝግጁ ነው ብሎ አይጠይቅም። በብድር የተገዛች ላም እንደ ጥሪት ትቆጠራለች፤ ዕዳው ግን አይቀነስም። ቤተሰቡ ተጨብጭቦለት ይወጣል፤ በሚቀጥለው ድርቅ ላሚቱ ትሸጣለች፤ ዕዳው ይቀራል። የዕቅዱ ዘመን ሲያበቃ የቀረበው የሴፍቲኔት አዲስ ምዕራፍ እስከ 10 ሚሊዮን ሰው ለመድረስ የተዘጋጀ ነበር።

ይህን ያነሳሁት «ከሽፏል» ለማለት አይደለም። የመዝገቡ ርዝመት የሚናገረው ስለ ዝናብ፣ ስለ መሬት ጥበት፣ ስለ ሕዝብ ብዛትና ስለ ገበያ ጭምር ነው። ከአንድ ሄክታር ያነሰ መሬት ላይ ስድስትና ሰባት ሰው ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ በአምስት ዓመት የእህል ድጋፍ ብቻ ራሱን ይችላል ብሎ መጠበቅ ከቤተሰቡ ሳይሆን ከእኛ የመጣ ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ ጧሪ የሌላት አሮጊት፣ ጉልበቱን በበሽታ ያጣ አባት መቼ ይመረቃሉ? ለእነሱ ስኬት ማለት ድጋፉ ሳይቋረጥ፣ ሳይዘገይ፣ በክብር መድረሱ ነው። ምርቃትን በዚህ ጥያቄ መመዘን ይሻላል፦ ተመራቂዎች ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ የት ናቸው? በዚህ መልስ የሚፎካከር ወረዳ ቢኖር እኔ መጀመሪያ አጨበጭብለት ነበር።

ያልሠራውንም እንናገር

ሐቀኛ ምዘና ደስ የማይለውንም ያወጣል። የቤተሰቡ ማጀት ሲሞላ የልጆቹ መቀንጨር ይቀንሳል ብለን እንጠብቃለን። ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸው ሴፍቲኔት የልጆችን መቀንጨር ስለመቀነሱ ማስረጃ አላገኙም። የረሃቡ ጊዜ አጠረ፤ የልጁ ቁመት ግን አልተለወጠም።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ድጋፉ በመሠረቱ እህል ወይም የእህል መግዣ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ዕንቁላልና ወተት፣ ንጹሕ ውኃ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ምክር ግን ከእሱ ጋር አይመጡም። ነፍሰ ጡር እናት ድንጋይ እየተሸከመች ልጁ በማኅፀን እንዲፋፋ መጠበቅም አይቻልም።  ከ2007 ዓ.ም. በኋላ በመጣው ምዕራፍ ነፍሰ ጡር መሆኗ የታወቀ ሴት ከጉልበት ሥራ ወጥታ ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ እንድትዛወር፣ በዚያም ፋንታ የጤናና የሥነ ምግብ ትምህርት እንድትከታተል ተደንግጓል። ሕጉ ወጣ ማለት ግን ተፈጸመ ማለት አይደለም፤ በየቀበሌው ልንጠይቀው የሚገባም ይኸው ነው።

ክፉው ዓመት

በመጨረሻ ወደ ተነሳሁበት ሐሳብ ልመለስ። በደህና ዓመት ድጋፍ ያለውና የሌለው ቤተሰብ ብዙም ላይለያዩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ከማሳቸው ይበላሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሰማዩ ሲዘጋ ነው። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ የተነሳ በደረሰው ድርቅ ከሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ አስቸኳይ እርዳታ ፈልጎ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት መሸሸጊያ ያለውና የሌለው ይለያሉ።

ኤርዊን ክኒፐንበርግና ጆን ሆዲኖት የብዙ ዓመት መረጃ አገናኝተው ይህን መረመሩ። ድርቅ በአንድ ቤተሰብ የምግብ ዋስትና ላይ የሚያደርሰውን የመጀመሪያ ጉዳት ሴፍቲኔት በ57 በመቶ ይቀንሰዋል፤ የቀረውም ጠባሳ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሽራል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ማንም ያላሰበው ክፉ ዓመት መጣ፤ ኮቪድ። ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ በፊት ያነጋገሯቸውን የገጠር ቤተሰቦች በስልክ መልሰው ጠየቁ። ምግብ የማጣት ዕድል በጠቅላላው በ11.7 የመቶ ነጥብ ሲጨምር፣ በሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ዘንድ የጨመረው በ2.4 ብቻ ነበር። እነዚህ ተጠቃሚዎች ከመንደሩ ድሃ ድሃዎቹ መሆናቸውን አትርሱ። ቀድመው ይወድቃሉ ተብለው የሚጠበቁት እነሱ ነበሩ፤ ቆመው ተገኙ።

ለእኔ የፕሮግራሙ እውነተኛ የምስክር ወረቀት ይህ ነው። «እጅ ጠባቂ አደረጋቸው» ለሚለውም መልስ አለው። በክፉ ዓመት በሬውን ያላጣ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ያርሳል፤ በሬውን ያጣው ነው የሰው እጅ የሚጠብቀው። በጊዜው ያልደረሰ ድጋፍ ነው ጠባቂ የሚያደርግ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የድጋፍ ሪፖርት ሲነበብ ከመጨብጨባችንም ከመተቸታችንም በፊት እንጠይቅ። ምን ቃል ተገብቶ ነበር? ከቃሉ ስንቱ፣ በስንተኛው ወር ደረሰ? ብሩ በገበያ ምን ያህል እህል ገዛ? ድጋፉን ካላገኙ መሰሎቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ ተጠቃሚዎቹ የት ናቸው? የወጡት ከወጡ በኋላ ምን ሆኑ? ድርቁ ሲመጣ ምን ሸጡ? ጋዜጠኛው ይህን ይጠይቅ። የምክር ቤት አባሉ በጀት ከማጽደቁ በፊት ይህን ይጠይቅ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአረብ አገር ሆናችሁ ለትውልድ ቀያችሁ ገንዘብ የምታዋጡ ወገኖችም ከፎቶግራፍና ከምስጋና ደብዳቤ ባሻገር ይህን ጠይቁ።

ፕሮግራም የሚመሩ ወገኖቼን ደግሞ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ጥናቱን ከፕሮግራሙ ጋር አብራችሁ ጀምሩት፤ መጥፎ ውጤት ሲመጣም አትደብቁት፤ ያወጣውን ባለሙያም አትቆጡት። የልጆቹ ቁመት አልተለወጠም ብሎ የጻፈው ተመራማሪ ለድሃው ከጭብጨባው ሁሉ የበለጠ ሠርቷል፤ ማስተካከል የሚጀመረው ከእንዲህ ያለ እውነት ነው። ድሃውን ከልብ የሚወድ ሰው የሰጠው ነገር መጥቀሙን ለማወቅ አይፈራም፤ ካልጠቀመ ደግሞ ለማስተካከል አይዘገይም።